ጨዉን ማን ያማስለዋል?

የትውልድ ቀዬዬ የብልባላ ሰው ለእረፍት የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መንገድ ላይ ሲያገኝ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ምን እንደሚማርና መቼ እንደሚጨርስ። ሁለተኛው ጥያቄ በእኛ ዘመን መልስ አልነበረውም። ኮሮና መጣና ዘጋን፣ ጦርነት መጣና በተነን፤ መቼ እንደምንመረቅ ሬጅስትራሩም አያውቅ። የመጀመሪያው ግን ቀላል ነው፤ "ኢንጂነሪንግ" ይባልና ይታለፋል። "እንግዲያ ይኼን የሰቆጣ መንገድ ታበጁልናላችኋ!" ይላሉ ቀጥለው። ምን ይባላል? ቆመው ምርቃት ለሚያወርዱ ሽማግሌ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ስለ መንገድ አንድም ነገር እንደማያውቅ፣ ሴሚስተሩን የፈጀው ዋይ ፕራይምን ከዋይ ጋር ሲያስታርቅ እንደሆነ ማስረዳት ነውር ነው። "አሜን" ብሎ ማለፍ ነው የሚሻለው።

ሴሚስተሩን የፈጀው የሒሳብ ኮርስ በተማሪ አፍ "አፕላይድ ስሪ" ይባላል። ዲፈረንሻል ኢኳሽን የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ ከኋላው ላፕላስ፣ ቬክተርና ኮምፕሌክስ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ መምህሩ በጥድፊያ ነው የሚያልፈው። እስከዚያ ድረስ የምናውቃቸው እኩልታዎች "ኤክስ ስንት ነው?" ይሉ ነበር፤ መልሱ 3 ወይም 7 ይሆንና ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ይኼኛው ጠባዩ ሌላ ነው። ነገሩ ስንት እንደሆነ አይነግርህም፤ በምን ፍጥነት እየተለወጠ እንደሆነ ሹክ ይልህና "በል ራሱን ነገሩን አምጣ" ይልሃል። መልሱም ቁጥር አይደለም፤ ከዛሬ እስከ ዘላለም የተዘረጋ አንድ ሙሉ ታሪክ ነው።

ይኼን ውብ ሐሳብ ያገኘነው ግን ከዓመታት በኋላ ብቻችንን ስናስበው ነው። ክፍል ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። እኩልታ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ የተማሪው ሥራ ዓይነቷን መለየት ነው። ሴፓረብል ናት? ሊኒየር ናት? ኤግዛክት ናት? ቤርኑሊ ናት? ዓይነቷ ከታወቀ መድኃኒቷ ሃንድአውቱ ላይ ተጽፏል። እኛ ዶርም የነበረው ሰቃይ ልጅ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ ወረቀቱን ገና ከሩቅ አየት አድርጎ "ኤግዛክት ናት፣ አትልፋ" ይል ነበር። ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደምትለካ፣ ማን እንደፈለጋት አይጠይቅም። እኛም አንጠይቅም፤ የሚድ ፈተና ደርሷል። የቤርኑሊዋን ነገር ሳስበው ደግሞ ይገርመኛል። ያዕቆብ ቤርኑሊ ያቺን እኩልታ ለሊቃውንት የወረወራት እ.ኤ.አ. በ1695፣ ጎንደር ላይ ታላቁ ኢያሱ ነግሠው ሳለ ነው፤ ላይብኒትዝ በዓመቱ ፈታት። ሰዎቹ እንደ ጠብ ተጋግለው የተወራወሩባት ጥያቄ እኛ ዘንድ ስትደርስ አምስት ማርክ ሆናለች።

ይኼ የእኛ ብቻ ችግር መስሎኝ ስቆጭ ኖሬ ነበር። ለካ በአሜሪካ ኤም አይ ቲ ለረጅም ዘመን ያስተማረው ጃን ካርሎ ሮታ የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፈረንሻል ኢኳሽን ስለማስተማር ንግግር አድርጎ፣ ኮርሱ ለመጽሐፍ ሲባል በተፈበረኩ ጥያቄዎች ተሞልቷል ብሎ አማርሯል። እዚያም ያው ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ ልበል? ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ለእረፍት ስንወጣ መምህሩ ወርክሺት ሰጥቶን ነበር። ወርክሺት ይዞ አገር ቤት መግባት ሞኝነት መሆኑን እያወቅሁ ይዤው ገባሁ፤ አጅቦኝ ከመጣው የክሬይዚግ መጽሐፍ ጋር። ይኼ መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን ውፍረቱ ከሺህ ገጽ በላይ ነው፤ የእኔው ደግሞ ከግቢ በር ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ ግማሹ ገጽ በጥቁር ጥላ የተበላ ነው። እናቴ የመዝሙረ ዳዊት ያህል አክብራ ከመደቡ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።

ወርክሺቱ ላይ መጀመሪያ ያለው ጥያቄ የሬሳ ነው። ሰው ሞቶ ተገኘ፤ የሰውነቱ ሙቀት ይኼን ያህል ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይኼን ያህል ሆነ፤ መቼ ሞተ? ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1701 ባወጣው የመቀዝቀዝ ሕግ ነው የሚሠራው፤ የሞቀ ነገር የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት በእሱና በዙሪያው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ነው። ጮክ ብዬ ሳነብ እናቴ ሰምታ አማተበች። "ሟቹ የማን ልጅ ነው?" አለች። እንጃ አልኳት። "ታዲያ ሳያለቅሱ ነው ሙቀቱን የሚለኩት?"

ለነገሩ በእኛ አገር ሬሳን በተመለከተ የሚጠየቅ ጥያቄ ከተፈለገ ከኛ ብዙም ሳይርቅ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። ዋሻው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የተከመረውን አጽም ያየ ሁሉ መቼ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። እዚያ የኒውተን ሕግ አይሠራም፤ ከአየሩ ጋር ከተስተካከሉ ዘመናት አልፈዋል። የሚያስፈልገው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ የሚቀንሰው ካርቦን 14 ነው። የሚያስቀው ግን እኩልታው ራሱ ያው መሆኑ ነው፤ ያለህን ያህል ታጣለህ የምትል አንዲት አጭር መስመር። ቡና ስትቀዘቅዝም፣ አጽም ሲያረጅም እሷው ናት። የዋሻው ጥያቄ ግን ወርክሺት ላይ የለም፤ ያለው ስም የሌለው የፈረንጅ ሬሳ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የጨው ነው፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም በእሱ ነው። 100 ሊትር ውኃ የሚይዝ ታንከር አለ፤ ውኃው ውስጥ 20 ኪሎ ጨው ሟሙቷል። ከላይ በደቂቃ 5 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይገባል፤ ከታች በደቂቃ 5 ሊትር ድብልቅ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ታንከሩ ውስጥ ስንት ኪሎ ጨው ይቀራል?

ይኼን ያነበብኩት አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ በገበያ ቀን ጠላ ትሸጣለች። ጣሳው በራፉ ላይ እንጨት ጫፍ ላይ ተሰክቶ ይታያል፤ ገበያተኛው እህሉን አራግፎ፣ አህያውን አስሮ ጎራ ይላል። እኔ ጥግ ይዤ ወረቀቴን ስሞነጫጭር "ምንድን ነው የሚያንገበግብህ?" አለችኝ። ጥያቄውን በአማርኛ አድርጌ ነገርኳት። ከነገርኩህ ሁሉ ይኼን ልብ በል፤ ውኃው አላሳሰባትም፤ ሊትሩ አላሳሰባትም።

"20 ኪሎ ጨው ይደፉታል?"

"አዎ እትዬ፣ ቀስ በቀስ።"

"ለምን?"

መጽሐፉ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ለአክስቴ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ከአፋር ረባዳ እየተጫነ ሰቆጣ ገበያ ይወርድ የነበረውን አሞሌ ለመግዛት ቀናት በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ብር በሌለበት ዘመን ብር ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ሃያ ኪሎ ጨው ሟሙቶ ሜዳ ላይ እንዲፈስ ማዘዝ ማለት፣ የአንድን ሰው ቁጠባ በየደቂቃው 5 ሊትር እያደረጉ መድፋት ማለት ነው። "ፈረንጅ ጥጋብ አለበት" ብላ ደመደመች፤ ለአሁኑ ይቆየን ብዬ አለፍኩ።

ግን አልተወችኝም። ከጋኑ በማንቆርቆሪያ እየቀዳች፣ እያሰበችበት ቆይታ "ይኼማ ጠላ ነው" አለች።

"እንዴት?"

"የቀዳሁትን ያህል ውኃ እየቸለስኩበት ብቀጥል ጋኑ አይጎድልም፤ ጣዕሙ ግን ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይሄዳል፤ እየቆየ ሲሄድ የሚወጣው ራሱ ቀጭን ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። ይኼን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ይኬዳል?"

ወረቀቱን አስቀመጥኩ። አሁን እሷ የተናገረችው እኩልታውን ነው፤ የገባው ሲቀነስ የወጣው፤ የሚወጣው ደግሞ ባለው ልክ። እኛ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ ሆነን፣ ቆመን ተቀምጠን ይኼን አንድ መስመር ራሳችን አቋቁመነው አናውቅም። ሁልጊዜ ተቋጥሮ ነው የሚመጣልን፤ የእኛ ፋንታ መፍታት ብቻ ነው። አክስቴ ደግሞ በየገበያው ቀን ስትቋጥር ውላ ሳትፈታው ታድራለች።

ፈታሁላት። ሴፓረብል ናት፣ ሁለት መስመር። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከ20ው ኪሎ 7 ከምናምን ይቀራል፤ አንድ ሰዓት ሲሞላ አንድ ኪሎ ገደማ፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላ 50 ግራም፤ አንድ እፍኝ አይሞላም። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ በሒሳቡ መሠረት መቼም ዜሮ አይገባም። ይኼኛው ነገር እጅግ ደስ አሰኛት። ቅራሪዋን ማንም ሰው "ይኼ ውኃ ነው" ብሎ ሲያማት ከእንግዲህ መልስ አላት። በሳይንስ የተረጋገጠ ነው፤ ጠላ ነው። ጌሾው አለበት፤ ትንሽ ነው እንጂ አለበት። በራፉ ላይ የተቀመጠ አንድ ገበያተኛ ጣሳውን ዘቅዝቆ አየና "ታዲያ ዋጋውም እንደዚያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሂድልና" አለ። እሱን አልሰማችውም።

ቀጥላ የጠየቀችኝ ነው እስካሁን ያላለቀው። "እሺ፣ ማን ያማስለዋል?"

"ምኑን?"

"ጨዉን። ድፍድፍ ላይ ውኃ ቸልሰህ ሳታማስል ብትቀዳ እኮ ከላይ ውኃ፣ ከታች አተላ ነው የምትቀዳው። የጋንህ ቀዳዳ ከታች ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራሙ ነው። አንተ ያልከው ሁሉ የሚሆነው የሚያማስል ሰው ቆሞ ካደረ ነው።"

ወረቀቱን መልሼ አየሁት። ከጥያቄው ግርጌ፣ በቅንፍ፣ ማንም በማያነባት ቦታ "ድብልቁ ዘወትር በደንብ እንደተማሰለ ይቆጠር" የምትል መስመር አለች። ከዚያች መስመር ጋር ሴሚስተሩን ሙሉ ስንኖር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ማን ነው የሚያማስለው ብሎ አልጠየቀም። ሰቃዩም ጭምር።

በማግስቱ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ የዘመን ቆጠራው ባሕረ ሐሳብ በቃላቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚያስተምሩን ሲጠይቁኝ እንደ ሽማግሌዎቹ በ"ኢንጂነሪንግ" አላመለጥኳቸውም፤ እሳቸው አያስመልጡም። "አንድ ነገር በየጊዜው ምን ያህል እንደሚለወጥ ይነገረናል፣ የኔታ፤ ከዚያ ተነስተን የነገሩን ሁኔታ እናገኛለን" አልኳቸው።

"መነሻውስ?"

"መነሻው አንዳንዴ ይሰጣል፣ አንዳንዴ አይሰጥም።"

"ካልተሰጠ ምን ታደርጋለህ?"

"ሲ የምትባል ፊደል ጽፈን እንተዋለን።"

ሳቁብኝ። ቀጥለውም ለምሳሌ የ2017ን ዘመን ቆጠሩልኝ። ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትተህ 11 ወንበር ይሆናል፤ ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፈው አበቅቴው 1 ነው። ለቀጣዩ ዓመት 11 ጨምርበት፤ 12። ከዚያ ወዲያ 23። እያልክ ትሄዳለህ፤ 30 ሲያልፍ ትገድፋለህ። ጭማሪው 11 የሚሆነውም የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ 365 ቀን ስለሆነ ነው፤ በየዓመቱ ጨረቃ 11 ቀን ትቀድማለች። "ለውጡ ይኼ ነው፤ ሁልጊዜ ያው። ግን ከየት እንደምትነሣ ካልነገርኩህ ጾሙን መቼ ልትይዝ ነው? በሲ ትጾማለህ?"

እዚያ ሳለሁ አንድ ነገር ገባኝ። ስዊዘርላንዳዊው ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1768 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መፍታት የማይቻሉ እኩልታዎችን ትንሽ ትንሽ እየተራመዱ መከተልን አስተምሯል። ካለህበት ነጥብ ተነሥ፤ ለውጡን ስማ፤ አንድ እርምጃ ሂድ፤ እንደገና ለውጡን ስማ። ዛሬ ኮምፒውተር ሮኬት ሲያሰላ የሚያደርገው የዚሁ ዘመድ ነው። የኔታም መነሻቸውን ይዘው፣ ለውጣቸውን እየደመሩ፣ አንድ አንድ ዓመት እየተራመዱ ነው የሚሄዱት። ኦይለር ሲራመድ ስህተት ይጠራቀምበታል፤ እርምጃው በረዘመ ቁጥር ከእውነተኛው መንገድ ይርቃል። ይኼን ስነግራቸው የኔታ አልተደነቁም። "እኛም ዘንድ ይጠራቀማል" አሉ። "አሥራ ዘጠኙ ዓመት ሲሞላ አንድ ጊዜ በ11 ፋንታ 12 እንዘላለን፤ እሱ ያቃናዋል።" ይኼን እርማት የተቀበሉት በቅዱስ ድሜጥሮስ ስም ከሚጠራው ትምህርት ነው። እኛ ስለ ስህተት መጠራቀም የተማርነው በሌላ ኮርስ፣ በሌላ ዓመት፣ ያውም ከፋይናል በፊት ባለችው የመጨረሻ ሳምንት ነው።

የንቡን ነገርም ሳልጨምር አላልፍም። ብልባላ ጊዮርጊስን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ንቦች በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማራቸውም ለበረከትና ለፈውስ ነው የሚቀመሰው። ወርክሺቱ ላይ የሕዝብ ብዛት ጥያቄ ነበረ፤ ቤልጂጋዊው ፈርኸልስት እ.ኤ.አ. በ1838 የጻፋት። ብዙ በሆነ ቁጥር ቶሎ ይበዛል፤ ቦታው ሲሞላ ግን እድገቱ እየለዘበ ሄዶ አንድ ጣሪያ ሥር ይተኛል። ስዕሏ ስታምር! "ንቦቹም እንዲህ ናቸው፣ የኔታ" ብዬ ጀመርኩ። "አይደሉም" አሉ ሳልጨርስ። "ሲጠባቸው አይለዝቡም፤ አውራዋን ይዘው አንድ ጠዋት ግማሹ ይወጣል።" ስዕሌ ላይ በስተቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ጨመርኩ። ለሚድ የሚሆን አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት መምህሩን ከክፍል ውጪ አገኘሁት። ደህና ሰው ነው፤ የእኛን ያህል እሱም ይጣደፋል። የአክስቴን ጥያቄ የእኔ አስመስዬ ጠየቅሁት፤ ታንከሩን የሚያማስለው ባይኖርስ? ቆም አለ። ፈገግ አለ። ሴሚስተሩን ሙሉ እንዲያ ፊቱ ሲበራ አላየሁትም።

"ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግዲያ ጨዉ በየቦታው የተለያየ ይሆናል፤ ጊዜን ብቻ ሳይሆን ቦታንም ማየት ይኖርብሃል። ያ ኦርዲናሪ አይደለም፤ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኳሽን ነው።"

"መቼ ነው የምንማረው?"

"እናንተ አትማሩትም። ምናልባት ማስተርስ ከገባህ።"

ማታ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ፣ ከኋላዋ የገበያተኛ ሁካታ እየተሰማ፣ ጥያቄዋ ከእኛ ኮርስ በላይ ሆኖ እንደተገኘና ማስተርስ እንደሚጠይቅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

"ስንት ዓመት ይፈጃል እሱ?"

"መጀመሪያ ይኼኛውን መጨረስ አለብኝ፣ እትዬ። ከዚያ ሁለት ዓመት።"

"እንግዲያ እስከዚያ በማማሰያዬ ልጠቀም" አለችና፣ ስልኩን ሳትዘጋው ለአንዱ ትቀዳለት ጀመር።